ሁለት ጥያቄ ነው ያለኝ፤ የትኛው ዘይት? ስንት ሊትር?

ይህን ነገር በሆዴ ይዤው ከርሜያለሁ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ።

የመኪናዬን ዘይት የምቀይረው ራሴ ነኝ። ሥራው አያስቸግረኝም። ሞተሩን ትንሽ አሞቃለሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሳና በጠንካራ ማቆሚያ አስደግፋታለሁ። ቡሎኑን እፈታለሁ። አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣ ፊልትሮውን እቀይራለሁ፣ አዲሱን እሞላለሁ። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እጄ ቢጠቁርም ደስ ይለኛል። ለመኪናዬ ምን እንደገባላት አውቃለኋ።

የሚያበግነኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዘይቱን መግዛቱ።

መደርደሪያው ፊት ስቆም ሁለት ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ለእኔ ሞተር የሚሆነው የትኛው ነው? ስንት ሊትርስ ልግዛ? ሁለቱም መልስ መኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ በአንድ ገጽ ተጽፏል። ዘይቱ ጀሪካን ላይ ግን መልሱን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊት ለፊቱ ወርቃማ ነው። የእሽቅድምድም መኪና አለበት። እሳት አለበት። «ሱፐር»፣ «ኡልትራ»፣ «ማክስ»፣ «ፕላስ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። እኔ የምፈልገው ቁጥር ግን ጀርባው ላይ፣ ቅጫም በምታክል ፊደል፣ ከስድስት ቋንቋ መሀል ተሸጉጧል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አንስቼ፣ ፎቶውን አጉልቼ ነው የማነበው። ዓይኔ ደህና ነው። ፊደሉ ነው ደህና ያልሆነው።

ሻጩን ስጠይቀው ደግሞ «እህቴ፣ ይሄ አንደኛ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው ይሄን ነው» ይለኛል። ሰው ሁሉ የእኔን ሞተር አይነዳም። መጀመሪያ መኪናዬ ምን እንደሆነች ጠይቀኝ እንጂ!

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 5ደብልዩ-30 ሲባል «ደብልዩ»ዋ በእንግሊዝኛ ክረምት ከሚለው ቃል የመጣች ናት። ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ ይደርስለታል። ኋላ ያለው 30 ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያለውን ውፍረት ነው የሚያመለክተው። ይህንን የደነገገው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስኤኢ የምንለው ነው። ይሄው ነው። ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ጀሪካኑ ላይ ሁለት መስመር ጨምሮ ይህንን ማስረዳት ማንን ይጎዳል? እሳቱን ትንሽ አሳንሶ ቢሳል ቦታ ይገኝ ነበር።

ስለማይነገረን ምን ይሆናል? ምክሩ ሁሉ «ዝም ብለሽ ወፍራሙን አድርጊባት» ይሆናል። ይህን ስንቴ ሰማሁ! አዲስ ሞተር የዘይቱ መተላለፊያ ጠባብ ነው። የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል የሚታዘዘው በዘይት ግፊት ነው። 0ደብልዩ-20 ተብሎ ለተሠራ ሞተር 20ደብልዩ-50 መጨመር ውለታ አይደለም። ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። መመሪያው እንደ አየሩ ሁኔታ ሌላ ውፍረት የሚፈቅድበት ጊዜ አለ። ያኔም የሚፈቅደው መመሪያው እንጂ የሰፈር ምክር አይደለም።

ቀጥሎ ፊደሎቹ ይመጣሉ። ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ለቤንዚን ሞተር «ኤስ»፣ ለናፍጣ ደግሞ «ሲ» እያለ ነው ደረጃ የሚሰጠው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010 መጣ። ኤስፒ በ2020፣ ኤስኪው በ2025። ሁለተኛው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው፤ ለቤንዚን ሞተር አዲሱ የአሮጌውን ቦታ ይሸፍናል። ኤስፒ ዝም ብሎ ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም። ቱርቦ ያላቸው አዳዲስ ትናንሽ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ሲጎትቱ ነዳጁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስተን ይሰብር ስለነበር፣ ያንን የሚከላከል ዘይት ያስፈልግ ነበር። ለአንድ ሰው ሙሉ ሞተር የምታድን ሁለት ፊደል ናት። እና የት ተቀመጠች? ከባርኮዱ ጎን!

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ያሟላል» የሚለው ቃል።

አንዳንድ መኪና አምራቾች የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ፎልክስዋገን 504 00 እና 507 00 ይላል። መርሴዲስ 229.51 ይላል። ቢኤምደብልዩ ሎንግላይፍ-04 ይላል። የዘይት ኩባንያው ዘይቱን አስፈትኖ፣ የመኪና አምራቹ አይቶ «እሺ» ብሎ በጽሑፍ ሲያጸድቅለት፣ ያ ማረጋገጫ ነው። «ያሟላል»፣ «ይስማማል»፣ «ለእነዚህ መኪኖች እንመክራለን» የሚለው ግን የዘይት ሻጩ የራሱ ቃል ነው። ዘይቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላ ሰው አልመሰከረለትም። ሁለቱን አንድ ላይ፣ በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ይደረድሯቸዋል። ስንቱ ሰው ነው ልዩነቱን የሚያውቀው? እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ወንድሜ የናፍጣ መኪና አለው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ያለው። ለእንዲህ ዓይነት መኪና አመዱ ያነሰ ዘይት ያስፈልጋል። ጥላሸቱ ማጣሪያው ውስጥ ይቃጠላል፤ ከዘይቱ ንጥረ ነገር የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም። እዚያው ተጠራቅሞ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ባለፈው የራሴን ስቀይር የእሱንም ልቀይርለት ብዬ፣ ከዚያ በፊት የገዛሁለትን ዘይት ደግሜ ገዛሁ። ያው ብራንድ። ያው ስም። ያው ቀለም። ያው 5ደብልዩ-30። ቤት ደርሼ አሮጌውን ባዶ ዕቃ ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጠው፣ ከስሙ ቀጥላ ያለች አንዲት ትንሽ ቃል ተለይታለች። ጀርባውን አገላበጥኩ። የመጀመሪያው በአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ደረጃ ለማጣሪያ የሚሆነው ሲ3 ነበር። አዲሱ ኤ3/ቢ4 ነው፤ አመዱ የበዛ። በአንዲት ቃል! ልመልስ ብል «ዘይት ከወጣ አይመለስም» ተባልኩ። እሽጉ እንኳን አልተነካም ነበር። ጎን ለጎን ባላስቀምጣቸው ኖሮ የወንድሜን ማጣሪያ በገዛ እጄ አመድ ልሞላው ነበር። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ብራንድ ላይ ስንጨቃጨቅ የምንውለውስ? አንዱ በሼል ይምላል፣ ሌላው በሞቢል፣ ሦስተኛው ከካስትሮል ውጪ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ዘይት ዝም ብሎ ዘይት አይደለም። ማጽጃው፣ ዝገት መከላከያው፣ ፍትጊያ የሚቀንሰው፣ አረፋ የሚያጠፋው ይጨመርበታል። ይህን ቅመም በዓለም ላይ በብዛት የሚያቀርቡት አራት ኩባንያዎች ናቸው፦ ሉብሪዞል፣ ኢንፊኒየም፣ አፍተንና ሼቭሮን ኦሮናይት። ኢንፊኒየም ደግሞ የሼልና የኤክሶንሞቢል የጋራ ንብረት ነው። እኛ በሁለቱ ስም ወዳጅነት ስናበላሽ እነሱ አብረው ይሠራሉ። ዘይቶቹ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቅመሙ ይለያያል፣ መሠረቱም ይለያያል። ግን ልዩነቱን የሚነግረን የጀርባው ቁጥር ነው፤ የፊቱ ስም አይደለም።

«ሙሉ ሲንቴቲክ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ድሮ ሲንቴቲክ ሲባል በኬሚካል ከሥሩ የተገነባ ዘይት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ከድፍድፍ ነዳጅ ወጥቶ በሃይድሮጅን በደንብ የተጣራ ዘይት ሲንቴቲክ ተብሎ መሸጥ ጀመረ። እንዲህ ያለውን ዘይት ሲንቴቲክ ብለህ አስተዋወቅህ ብሎ ሞቢል ካስትሮልን ተከራከረው። አሜሪካ ያለው የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል በ1999 ለካስትሮል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል። በደንብ የተጣራውም ዘይት ጥሩ ዘይት ነው፤ መኪናዬ ውስጥ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ፣ ጀሪካኑ ላይ ትልቁ ቃል ስለ ዘይቱ ብዙም የማይነግረኝ ቃል መሆኑ ነው።

እሺ፣ በስንት መከራ «የትኛው» የሚለው ተመለሰ እንበል። ወደ «ስንት» እንሂድ።

የእኔ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 4.2 ሊትር ይወስዳል። 1.8 ሊትር ሞተር ያላት ኮሮላ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ዘይቱ የሚሸጠው በ1፣ በ4 ወይም በ5 ሊትር ነው። 4 ሊትሩ 200 ሚሊ ሊትር ይጎድላል። 5 ሊትሩ 800 ይተርፋል። 4 ከ1 ጋር ብገዛም ያው 800 ይተርፋል፤ ያውም አንዱ ሊትር ለብቻው ሲሸጥ ከትልቁ ይወደዳል። ግማሽ ሊትር የሚባል ዕቃ ቢኖር ነገሩ ያልቅ ነበር። ለሞተር ሳይክልና ለሣር ማጨጃ ትንንሽ ዕቃ ሲሠሩ አይቻለሁ። ለመኪና ምን ከለከላቸው?

አንድ ሰው «በ4 ሊትሩ ተዪው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ሞተር አይገድልም። መለኪያ ዘንጉ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መሀል በአብዛኛው መኪና አንድ ሊትር ገደማ አለ። 200 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ግን ዘይት የምትበላ መኪና ያለው ሰው ከጎዶሎ መጀመር የለበትም።

ከጎዶሎው ይልቅ የሚያስፈራኝ ትርፉ ነው። አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መኪናቸው እንደ እኔው ናት። 5 ሊትሩን ገዙና ሙሉውን ገለበጡት። «አንድ ጀሪካን ለአንድ ቅያሪ ነው ብዬ» አሉኝ። ምን ይፈረድባቸዋል? በዚያ መጠን ታሽጎ ሲሸጥ ማንም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ዘይት ሲበዛ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት፣ ታች የሚሽከረከረው ኮሎ የሚባለው ብረት ይነካውና እንደ እንቁላል ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ ብረቱን አያለሰልስም። ግፊቱ ዘይቱን አሽገው የያዙትን የሞተሩን የጎማ ማሸጊያዎችም ሊያፈስ ይችላል። ደግነቱ መኪናዋን ከማስነሳታቸው በፊት ዘንጉን አይተው ጠሩኝ። ቡሎኑን ላላ አድርገን አንድ ኩባያ ሲቀዳ አንድ ኩባያ ሲፈስ፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ዘይት ሆነ። አንድ መስመር ብቻ ይበቃ ነበር፦ «ሙሉውን አይጨምሩ፤ መጠኑን መመሪያዎ ላይ ይመልከቱ»።

መለኪያውም ራሱ አንድ አይደለም። ቪዲዮ ላይ «አምስት ኳርት» ሲሉ ሰው 5 ሊትር ነው ብሎ ይሰማል። አንድ የአሜሪካ ኳርት 0.946 ሊትር ነው፤ አምስቱ 4.73 ይሆናል። ጋሎን ደግሞ 3.785 ሊትር ነው። እኛ 4 ሊትሩን ዕቃ ጋሎን ነው የምንለው። በዚህ ላይ አንዳንዱ ጀሪካን ጎኑ ላይ ደረጃ የሚያሳይ መስመር የለውም። ጥቁር ወይም ወርቃማ ሆኖ ውስጡ አይታይም። ስንት እንደቀዳሁ በምን ልወቅ? በክብደት? ጎኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ቀጭን መስመር ያለው ዕቃ ሳገኝ ደስታዬ ወደር የለውም። ሁሉም ቢሠራው ምን አለበት! ያለው ባይኖር ግን በመለኪያ ጣሳ ነው የምቀዳው፣ መጀመሪያ 3.8 ጨምሬ፣ ሞተሩን አስነስቼ አጥፍቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ዘንጉን አይቼ፣ ቀሪውን በትንሽ በትንሹ።

ትርፉን አልጥልም። ዘይት መሬት ላይ አይደፋም፤ አዲስም ቢሆን አሮጌ። ክዳኑን አጥብቄ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ጥላ ያለው ደረቅ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። በየስድስት ወሩ ስለምቀይር ከአምስት ቅያሪ አምስት ጀሪካን ተሰልፎልኛል፤ ሁሉም አንድ ብራንድ፣ ሁሉም 5ደብልዩ-30። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤስኤን ይላሉ፣ የኋለኞቹ ኤስፒ። የኤፒአይ ደረጃ ያላቸው ዘይቶች እርስ በርስ እንዲዋሃዱ ግዴታ አለባቸው፤ የእኔ መመሪያ ደግሞ ኤስኤን ይበቃል ይላል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ስድስተኛውን ቅያሪ በትርፉ ልጨርሰው ብዬ አምስቱንም አንድ በአንድ በመለኪያ ቀዳሁ።

አምስት ጊዜ 800፣ 4 ሊትር ሆነ። መኪናዬ የምትወስደው 4.2 ነው።

ሄጄ አዲስ 5 ሊትር ገዛሁ። 200 ሚሊ ሊትር ቀዳሁበት። አሁን መደርደሪያዬ ላይ 4.8 ሊትር አለ።