የጫማ ማሰሪያው ምን በደለ?

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የጫማ ማሰሪያዬ ተበጠሰና አለቀስኩ።

ቀልዴን አይደለም። ከቤት ልወጣ በርከክ ብዬ ማሰሪያውን ሳብ ሳደርገው ብጥስ ብሎ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። አየሁት። ጫፉ ላይ የነበረችው ፕላስቲክ ከወለቀች ቆይታለች፤ ክሩ ተበታትኗል። ድንገት ሳግ ተናነቀኝ። ከዚያ እንባዬ ዱብ ዱብ። ትከሻዬ እየተርገፈገፈ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ።

እኔ እኮ እንዲህ በቀላሉ የማለቅስ ሰው አልነበርኩም። የልብ ጓደኛዬ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ አገር ሲሄድ "በል እንግዲህ፣ ስትደርስ ደውል" ብዬ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ነው የተመለስኩት። ስንት ዓመት የለፋሁበት የሥራ እድገት ለሌላ ሰው ሲሰጥ "ለበጎ ነው" ብያለሁ። እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ እንዴት ነህ ላለኝ ሁሉ "ደህና ነኝ" ስል ከረምኩ። ያኔ ዓይኔ ጠብ አላደረገም። ይኸው ለአንድ ክንድ ክር ዘረገፈው።

ለነገሩ ቋንቋችን ራሱ መጋዘን አዘጋጅቶልናል። ሆድ ይባላል። የከፋንን ሁሉ "ሆድ ይፍጀው" ብለን እዚያ እንወረውራለን። ከዚያ ሆድ ይብሰናል፣ ቆሽታችን ያርራል፣ አንጀታችን ይላወሳል። ሐኪም ዘንድ ሄደን "ጨጓራዬን" ስንል "ምን በላህ?" ይለናል። "ምን ዋጥክ?" ቢል ሳይሻል አይቀርም።

ስንደብቅ ደግሞ ብልሃታችን ብዛቱ! በተለይ አቧራ ባለውለታችን ነው። ፊልም ቤት ውስጥ አሳዛኙ ፊልም አልቆ መብራቱ ሲበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቷል። እኔ አንዴ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰውዬ "አቧራው በዛ አይደል?" ስለው "ኧረ በጣም!" ብሎ ተናፈጠ።

ደስታችንንስ ብትሉ? ባለፈው ወር በስልክ አንድ ጥሩ ዜና ነገሩኝ። "እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ" ብዬ እንደ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ረጋ ብዬ ዘጋሁ። ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ብቻዬን ነኝ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁና ዘለልኩ፣ ጨፈርኩ፣ አየሩን በቡጢ ደበደብኩት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። እጄ ገና አየር ላይ ነው። ምን ላድርግ? እዚያው ፀጉሬን ማስተካከል ጀመርኩ። ፀጉር የለኝም።

በጽሑፍ ሲሆን ግን የሚችለን የለም። "ሃሃሃሃሃ ገደልከኝ!" ብዬ ስጽፍ ፊቴን ብታዩት የቀብር ንግግር የማነብ ነው የሚመስለው።

ይህ መደበቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳዩ ሰዎች አሉ። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 180 ሴቶችን አሳዛኝና አስቂኝ ፊልም አሳዩ። ግማሾቹ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ ታዘዙ። ፊታቸውስ እሺ አለ። ልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ግን ውስጥ ለውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ሲሠሩ ተገኙ። እኔን ያሳቀኝ ሌላው ነው። የደበቁት ሴቶች ፊልሙ ያን ያህል አላሳቀንም አሉ፤ ሀዘናቸው ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ሀዘኑን አፍኜ እገላገላለሁ ስትል ሳቅህን ተበልተህ ትመለሳለህ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኪሳራ የትኛው ነጋዴ ይቀበላል?

ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ የደረሱም አሉ። አንድ ወዳጄ ስሜቱን "ሙሉ በሙሉ ሊኖረው" ወስኗል። ሲናደድ ዓይኑን ጨፍኖ "አሁን ንዴቴን እያስተናገድኩት ነው" ይለናል። ንዴቱን የምናስተናግደው ግን እኛ ነን። እሱስ ጮሆ ጮሆ ይወጣለታል፣ ከዚያም "ቀለል አለኝ" ብሎ ይሄዳል።

ወደ ማሰሪያው ልመለስ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት። ጓደኛዬን አለቀስኩ፣ እድገቱን አለቀስኩ፣ አሁን ድና ስልክ ላይ የምትቆጣኝን እናቴን ጭምር አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ! ይህን ያህል ጊዜ ስሸሸው የከረምኩት ነገር የአንድ እንቁላል መቀቀያ ጊዜ እንኳን አልፈጀም። ትንሽ አፈርኩ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና በተረፈችው ግማሽ ክር ጫማዬን እንደነገሩ አስሬ ወጣሁ።

ቢሮ ስገባ ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሃል? ዓይንህ ቀልቷል እኮ።"

"አቧ..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። "የጫማ ማሰሪያዬ ተበጥሶ ሳለቅስ ነበር" አልኳት።

በሳቅ ትፈርሳለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየች። ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ግራ ቀኝ ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣

"የእኔ የጃኬት ዚፕ ነበር" አለችኝ። "አልዘጋ ብሎኝ።"