የስታፍ ጀርምን ዕዳ በታካሚው ላይ አትጫኑ

ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ስለበዛው መድኃኒት የተላመደ ስታፍ (ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ) ጥያቄ በተነሳ ቁጥር፣ ሰሞኑን ከጤና ኃላፊዎች አፍ የሚወጣው መልስ አንድ ሆኗል። ሕዝቡ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ እየገዛ ስለሚውጥ ነው ይሉናል። መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡትም የታወቁ ናቸው፤ ፖስተር፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ፣ የጠያቂ ሰዓት ማሳጠር። እግሩ ተሰብሮ ገብቶ፣ በቀዶ ሕክምናው ቁስል መግል ይዞ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ለቀረ ሰው ይህ ስድብ ነው። አጥንቱን ሊያስጠግን መጣ፤ ጀርሙን የሰጠነው እኛ ነን።

ሜቲሲሊን እንግሊዝ አገር ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ ፔኒሲሊን ያቃተውን ስታፍ እንዲገድል የተሠራ መድኃኒት። በ1961 እሱንም የማይፈራ ስታፍ እዚያው እንግሊዝ መገኘቱ ተዘገበ። ሜቲሲሊን በመርፌ እንጂ በክኒን አይሰጥም ነበር። ከፋርማሲ መስኮት ገዝቶ የዋጠው ሰው የለም። ታዲያ በዚያን ጊዜ ጥፋተኛው የትኛው ሕዝብ ነበር?

ይህ ስታፍ ሜክ-ኤ የሚባል ዘረመል ይዟል። በዚህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚይዙት ዓይነት ስላልሆነ፣ ክሎክሳሲሊንም ሆነ ሴፍትሪያክሶን ቢሰጡት የሕዋሱን ግድግዳ መገንባቱን ይቀጥላል። አንድ ሰው ቤቱ አሞክሳሲሊን ስለዋጠ ይህ ዘረመል ከምንም ተነስቶ አይፈጠርም። ጀርሙ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ከታካሚ ወደ ታካሚ በእጅ ይሸጋገራል። ያለ ማዘዣ መሸጥ ይቁም፤ በዚህ አልከራከርም። ግን በየዋርዱ እንደ ውሃ የሚፈሰውን ሴፍትሪያክሶን የሚያዘው ታካሚው ነው?

የጠዋቱን ሥራ ተመልከቱ። ነርሷ ጓንት ታጠልቃለች፤ የአንደኛውን አልጋ ቁስል ትከፍታለች፣ ፕላስተሩን ትቆርጣለች፣ በዚያው ጓንት የጋሪውን መሳቢያ ስባ ጎዝ ታወጣለች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው አልጋ። ጓንቱ የእሷን እጅ ጠብቋል፤ ታካሚውን ግን አልጠበቀም። ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የሚታሰረው የጓንት ቁራጭ ከክንድ ወደ ክንድ ሲዞር ይውላል። ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው የመድኃኒት መስጫ ቱቦ፣ መቼ እንደገባ ፕላስተሩ ላይ አልተጻፈም። በሦስተኛው ቀን ቦታው ቀልቶ፣ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠንክሮ ሲዳሰስ እንኳ የሚነቅለው የለም፤ ስታፉ በዚያች ቀዳዳ ደም ውስጥ ይገባል። ነርሷን አልከስም። አርባ ታካሚ ይዛ፣ አንዱ ቧንቧ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ሳሙናው አልቆ፣ በያንዳንዱ ታካሚ መካከል 40 ሰከንድ ታጠቢ ማለት መቀለድ ነው።

ለዚህ ነው የእጅ ማሻ አልኮል፣ አልኮል የምለው። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ቧንቧ አይፈልግም፤ እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ካልነካው በቂ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቀመሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ለ10 ሊትር 8333 ሚሊሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊሊትር ግሊሰሮል፤ ቀሪውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ ሞልቶ ማንቀሳቀስ ነው። ፐርኦክሳይዱ እጅ ለማጽዳት አይደለም፤ በፈሳሹና በዕቃው ውስጥ የቀረውን የባክቴሪያ ዘር ለመግደል ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ከመከፋፈሉ በፊት 72 ሰዓት መቀመጥ አለበት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጠዋት ተቀላቅሎ ከሰዓት ይታደላል። ወይም ግሊሰሮሉ በግምት ይጨመራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። ወይም ባዶው ጠርሙስ ሳይታጠብ በላዩ ላይ ይሞላበታል። ኢታኖሉ ብርቅ አይደለም፤ ፊንጫና መተሐራ ከስኳር ተረፈ ምርት ሲያመርቱት የኖሩት ነው። በ2012 ኮቪድ ሲመጣ ባንክ ቤት በር ላይ ሳይቀር ተሰቅሎ አልነበር? አሁን ከታካሚው አልጋ ራስጌ ምን አጠፋው?

ጄኔቭ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አልኮሉን አልጋ አጠገብ ካስቀመጠ በኋላ የእጅ ንጽህና አጠባበቅ ከ48 ወደ 66 በመቶ ወጣ፣ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ፣ የዚህ ስታፍ መተላለፍም ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እንግሊዝ እያንዳንዱ ሆስፒታል ይህ ስታፍ በደሙ ውስጥ የተገኘበትን ታካሚ ቁጥር እንዲያሳውቅ አስገደደች፤ በግማሽ ቀንሱ የሚል ግብም ጣለች። እ.ኤ.አ. በ2003/04 ወደ 7,700 የነበረው በ2008/09 ከ3,000 በታች ሆነ። ቁጥሩ የሆስፒታሉን ስም ይዞ በይፋ ስለወጣ ኃላፊው የሚሸሸግበት አጣ።

እኛ ዘንድ ካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) የሚላከው ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ካልሠራ በኋላ ነው። ምርመራው ግን ርቆ የሚሰቀል አይደለም፤ 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን የተባለ አንቲባዮቲክ የያዘ ዲስክ ጀርሙ በሚበቅልበት ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ዙሪያው ያለው ባዶ ክብ ይለካል። 21 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ያው መድኃኒት የተላመደው ስታፍ ነው። ሳይለዩ መቆየት ቤተሰቡን ለዚህ ስታፍ የሚሰጠውን ቫንኮማይሲን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ያንከራትተዋል። ተገኝቶም በችኮላ ከተሰጠ ችግር ነው፤ 1 ግራሙ ቢያንስ በአንድ ሰዓት መንጠባጠብ ሲገባው በደቂቃዎች ሲገፋ ፊትና አንገት ይቀላል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊቱን የሚከታተል ከሌለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዚህ ስታፍ መድኃኒት መላመድ ሳቢያ ከ100,000 በላይ ሰው ሞቷል።

ጠያቂን ስለ መከልከል የሚወራውም ውሃ አይቋጥርም። ከሦስት ጤነኛ ሰው አንዱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ስታፍ ይኖረዋል፤ አብዛኛው ግን ተራው ነው። ጠያቂ የሚነካው የራሱን ዘመድ ነው፤ ታካሚዎችን በየአልጋው ለማየት ራውንድ የወጣው የሐኪሞች ቡድን ግን ዋርዱን በሙሉ። አስታማሚዋን ከማባረር እሷም አልኮሉን ትጠቀም።

የዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ ለ1,000 የታካሚ ቀን (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ይቆጠራል) ቢያንስ 20 ሊትር የእጅ አልኮል ነው። 200 አልጋው የሞላ ሆስፒታል በወር 6,000 የታካሚ ቀን አለው፤ 120 ሊትር ማለት ነው፣ ከላይ የጻፍኩት ቅልቅል አሥራ ሁለት ጊዜ። ሕዝቡን የሚወቅሰው ኃላፊ ቀጥሎ መድረክ ላይ ሲወጣ የመጋዘኑን ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) ይዞ ይምጣና ባለፈው ወር ስንት ሊትር እንደወጣ ያንብብልን።