ከበቆሎ የተሠራው ፌስታል ጎጃም ቢገባ

ሚላኖ ውስጥ የሱፐርማርኬት ፌስታል እጅ ላይ ለስለስ ይላል። ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ነውና። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ያገለግላል፦ መጀመሪያ አትክልት ይዞ ይገባል፣ ቀጥሎ ኩሽና ካለችው ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ይነጠፍና የሽንኩርት ልጣጩ፣ የተረፈው እንጀራ፣ የቡናው አተላ ይጠራቀምበታል። ሦስት አራት ቀን ካቆዩት ታቹ ይረጥብና ይተረተራል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ግቢ ወዳለው ቡናማ በርሜል ይወርዳል፤ በቀኑ መኪና መጥቶ ያነሣዋል። ጣሊያን የማይበሰብሰውን የገበያ ፌስታል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ፍራፍሬ የሚመዘንባት ስስ ከረጢት ሳትቀር የምትበሰብስ እንድትሆን ተደርጓል፤ ገዢው ሳንቲም ይከፍልባታል። ያኔ ሰዉ አጉረምርሞ ነበር፣ ግን ለመደው።

አገር ቤት ስገባ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጣሁ። ምስሩ በአንድ ፌስታል፣ በርበሬው በሌላ፣ ቲማቲሙ በሌላ። ምስር የምትሸጠውን ሴት «እታለም፣ ዘንቢል ይዞ የሚመጣ ሰው የለም?» አልኳት። «ፌስታል እያለ ማን ዘንቢል ይሸከማል ወንድሜ? ባልሰጥ ደግሞ ወደ ጎረቤቴ ነው የሚሄዱብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ ብቻዋን ምን ታድርግ።

ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። አጎቴ ቤት ለበዓል በሬ ታረደና ጨጓራው ሲከፈት፣ ከሣሩ ጋር ተገምዶ የጠጠረ የፌስታል ድብልብል ወጣ፤ ሰማያዊው፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው ቀለሙ እንኳ አለቀቀም። አጎቴ አንስቶ እያገላበጠ «እኔ እኮ መኖ አነሰው ብዬ ነበር» አለ። በሬው ሲከሳ ከርሟል።

ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ሊገድብ ሞክሮ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ ከልክሏል። ደስ ብሎኛል። የምፈራው በፌስታሉ ቦታ የሚመጣውን ነው። ቅጠል የታተመበት፣ «ከተክል የተሠራ» የሚል ከረጢት እየተጫነ ቢገባ ችግሩ የተፈታ ሊመስለን ይችላል።

ከተክል ተሠራ ማለት ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ አለ፤ ከነዳጅ ከሚሠራው ፌስታል በምንም አይለይም፣ አይበሰብስም። ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ የበቆሎው ስኳር በባክቴሪያ ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ከሆነ በኋላ ይሠራል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ኩባያውም፣ ማንኪያውም፣ ሐኪም ቁስል ሰፍቶ ገላ ውስጥ ቀልጦ የሚቀረው ክርም ከእሱ ይሠራል። ነገር ግን በወራት ውስጥ እንዲፈርስ እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና እርጥበት ያለው የኮምፖስት ማዘጋጃ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ቦይ ውስጥ ወይም ጣና ዳር ቢጣል ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የአጎቴ በሬ ቢበላውም ያው ነው። ሚላኖ ላይ ሥራውን የሠራው ፌስታሉ ብቻ ሳይሆን በርሜሉ፣ መኪናውና የኮምፖስት ማብላያው ጭምር ነው።

ስለዚህ ለገበያው ዘንቢል ይመለስ እላለሁ። ሰንደዶና አክርማ የሚሰፋ እጅ ጎጃም ውስጥ ሞልቷል፤ ለድፎ ዳቦም ኮባ እስካሁን አልተተካም። የእነሱ ቆሻሻ የለም።

የሚበሰብሰው ፕላስቲክ ለእኛ የሚጠቅመው ችግኝ ጣቢያ ላይ ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላል፤ በየክረምቱ በየወረዳው የሚተከለውም ችግኝ ብዙ ነው። ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ በምላጭ ተቀድዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጣላል፣ ሲቸኩሉ ደግሞ ከነላስቲኩ ይቀበራል፤ ሥሩም ውስጡ ይጠማዘዛል። አውሮፓ ውስጥ አትክልተኞች መደብ ላይ የሚያነጥፉት፣ ሰብሉ ሲነሣ ከአፈሩ ጋር የሚታረስ ፕላስቲክ አለ፤ ያለ ማብላያ እዚያው አፈር ውስጥ እንዲበሰብስ ተብሎ የተሠራ ነው፣ መለኪያም ወጥቶለታል። የችግኙ ላስቲክ በዚህ ዓይነት ቢተካ ማንም መልቀም የለበትም። ዋጋው ከተራው ላስቲክ ይወደዳል። ቢሆንም ገዢው በየገበያው ያለ ሰው ሁሉ አይደለም፤ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና ችግኝ አፍይው ናቸው። አንድ ወረዳ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ችግኝ ጣቢያ ሊሞክረው ይችላል።