ድመቱ የመንግሥት ነው

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሮና መኖሪያ የሆነው፣ የለንደኑ ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ጥቁር በር ከውጭ አይከፈትም። ሁልጊዜ ከውስጥ ሰው አለ፤ የሚከፍተው እሱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆኑ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አይገቡም። ላሪ የሚባለው ድመት መግባት ሲፈልግ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል። ጥበቃ ላይ ያለው ፖሊስ ያየውና በሩን ያንኳኳለታል። ይከፈትለታል፣ ይገባል።

ይህን የሚያሳየውን ቪዲዮ ያየ ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ "ሥራ የፈቱ ፈረንጆች!" ብሎ ያልፋል። ስንት ጉዳይ ባለበት ዓለም ጋዜጠኛ ካሜራውን ድመት ላይ ይደግናል ወይ የሚሉም አሉ። እኔ ግን የድመቱን ወሬ ከብዙ የፖለቲካ ትንታኔ አስበልጬ እከታተላለሁ። ምክንያት አለኝ።

መጀመሪያ ላሪ እንዴት ገባ? እ.ኤ.አ. በጥር 2011 እዚያው በር አካባቢ አይጥ ስትሯሯጥ በቴሌቪዥን ታየች። አገሩ ሳቀ። በየካቲት ላሪ ባተርሲ ከሚባለው የውሾችና የድመቶች ማቆያ መጣ። ዕድሜው አራት ዓመት ገደማ ነበር። የተሰጠው ማዕረግ "የካቢኔ ጽሕፈት ቤት ዋና አይጥ አዳኝ" ይላል። አዳኙ የመጀመሪያዋን አይጥ ለመያዝ ሁለት ወር ፈጀበት። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን እራት ላይ አይጥ አይተው ሹካ እንደወረወሩባት ተወራ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፤ ላሪ ግን የመንግሥት ሥራ ሲይዝ ዓመሉን የረሳ ይመስላል። የመንግሥቱ ድረ ገጽ ራሱ ሥራውን ሲዘረዝር፣ እንግዳ መቀበል፣ ጥበቃውን መፈተሽ፣ የጥንት ወንበሮች ለእንቅልፍ መመቸት አለመመቸታቸውን መሞከር ይላል። የአይጡ ጉዳይስ? ገና በዕቅድ ደረጃ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አንብበን ላደግን ሰዎች ይህች አባባል አዲስ አይደለችም።

ቁም ነገሩ ያለው ካሜሮን በ2016 ሲሰናበቱ ነው። ድመቱስ አብሯቸው ይሄዳል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። የተሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ድመቱ የመንግሥት ሠራተኞቹ ንብረት እንጂ የካሜሮን ቤተሰብ አይደለም፣ ይቀራል። እሳቸውም ላሪን አይወዱትም የሚለውን ሐሜት ለማስተባበል፣ በመጨረሻው የፓርላማ ጥያቄ ሰዓታቸው ድመቱን ጭናቸው ላይ አድርገው የተነሡትን ፎቶ አውጥተው አሳዩ። አስቡት፤ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በወሰነች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ሜይ ገቡ፣ ጆንሰን ገቡ፣ ትረስ 49 ቀን ቆይተው ወጡ፣ ሱናክ ገቡ። በ2024 የገቡት ስታርመር ለላሪ ስድስተኛው ናቸው።

ከላሪ በፊት የነበረው የሃምፍሪ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ሃምፍሪ በ1989 ዝም ብሎ የመጣ የመንገድ ድመት ነበር። ለእሱ በዓመት 100 ፓውንድ ተመደበ። በዓመት 4,000 ፓውንድ ይከፈለው የነበረው የተባይ ማጥፋት ባለሙያ አንድም አይጥ አልያዘም ነበርና ጽሕፈት ቤቱ በድመቱ አተረፍን አለ። በ1995 ጠፋ፣ ሞቷል ተባለ። ኋላ ግን እዚያው ለንደን፣ ባለቤት የሌለው መስሏቸው ከወሰዱት የሠራዊቱ ሕክምና ኮሌጅ ተገኘ።

በ1997 ቶኒ ብሌር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተመረጡ። ባለቤታቸው ድመት አይወዱም የሚል ወሬ ተነሣ። ባለቤታቸው ሃምፍሪን አቅፈው ፎቶ ተነሡ፤ ወሬው ግን አልሞተም። በኅዳር "ሃምፍሪ ኩላሊቱን ስላመመው ጡረታ ወጥቷል" ሲባልማ ጉድ ፈላ። የተቃዋሚው ፓርቲ እንደራሴ አላን ክላርክ በሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ ይቅረብ አሉ። መንግሥት ምን አደረገ? ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በደቡብ ለንደን ወዳለ ቦታ ወሰዳቸው። ሃምፍሪ ከዕለቱ ጋዜጣ ጋር ፎቶ ተነሣ። በ2005 ደግሞ ስለ እሱ የተጻጻፉት የቢሮ ደብዳቤዎች በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት ለሕዝብ ይፋ ሆኑ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በከፍተኛ ድምፅ አሸንፎ የመጣ መንግሥት "ድመቱን የት አደረሳችሁት?" ተብሎ ተጠየቀ፤ ቀልድ ነው ብሎ ማለፍም አልቻለም። በእኛ ቤተ መንግሥት የምናስታውሰው ሉሉን ነው፣ ጃንሆይን በየሄዱበት ይከተል የነበረውን ትንሽ ውሻ። ሉሉ የጃንሆይ እንጂ የቤቱ አልነበረም። ቀለቡ ስንት ነው፣ የት ነው የሚያድረው ብሎ የሚጠይቅ ማን ነበረ?

እንግሊዞቹን አጋንኜ ላመሰግን አይደለም። ላሪ የመጣበት ጊዜ መንግሥቱ የሕዝብ አገልግሎት በጀት የሚቆርጥበት ጊዜ ነበር፤ ድመት ያቀፈ ባለሥልጣን ደግሞ ክፉ አይመስልም። ፎቶ ፈላጊ ፖለቲከኛ እንደ ላሪ የሚመቸው የለም። ችግሩ ላሪ አይታዘዝም። ትራምፕ በ2019 ሲመጡ ከዝናቡ ለመጠለል ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ሥር ገብቶ ተኛ። የጎረቤቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድመት የነበረውን ፓልመርስተንን በካሜራ ፊት ሲቧጭረው ታይቷል። ፕሮቶኮል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አሁን እዚያ ቤት ሌሎች ድመቶችም ገብተዋል። የስታርመር ቤተሰብ ጆጆን ይዞ መጣ። ቀጥሎም ልጆቹ ውሻ ይገዛልን ብለው ሲለምኑ በስምምነት ፕሪንስ የሚባል የሳይቤሪያ ድመት ተገዛላቸው። ስታርመር እንደተናገሩት የመኖሪያ ክፍላቸው በር ቦምብ የማይበግረው ስለሆነ ለጆጆ መሹለኪያ ቀዳዳ ማበጀት አስቸግሮ ነበር። እነዚህ ግን የቤተሰቡ ናቸው፤ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ። 18 ዓመት ያለፈው ላሪን ግን የሚጭነው የለም። በሕዝብ ገንዘብ ነው የሚቀለበው ወይ ለሚልም መልስ አለ። ምግቡን የሚገዙለት የቤቱ ሠራተኞች ከየኪሳቸው አዋጥተው ነው፤ ይህም የታወቀው ተጠይቆ ነው።