«መብራቷን ላጥፋልሽ?»

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁና ታገሱኝ። ረጅም ነው። ቡና ካፈላችሁ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት መገናኛ ላይ አንድ ሚኒባስ ጎኔን ሊልጠው ሲጠጋኝ ክላክስ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ዝም። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ምነው እህቴ፣ ተኛሽ እንዴ?» አለኝ። ዳሽቦርዱን ሳየው ያቺ ቀይ መብራት በርታለች። ቁጭ ያለ ሰው ኳስ ታቅፎ የሚመስለው ምልክት። የኤርባግ መብራት ናት፤ ግጭት ሲደርስ ከመሪው ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክላክስ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ባጃጁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ እግረኛው ስልኩ ላይ ነው። መስኮት ከፍቼ «ኧረ ወንድሜ! ኧረ እናቴ፣ ዞር በይልኝ!» እያልኩ ነዳሁ። ድምፄ ተዘጋ። ቢሮ ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «ክላክሱ ተቃጥሏል» አለኝ። አዲስ ተገዛ፣ 1,800 ብር። ተገጠመ። ጮኸ? አልጮኸም! ታዲያ አሮጌው ደህና ነበር ማለት አይደል? «እንግዲህ አዲስ ሆነልሽ» አለኝ። ምረቁኝ ማለቱ ይሆን?

ሁለተኛው ፊውዝ አየ፣ ሪሌ ቀየረ፣ ራሱን አከከ። ከዚያ «ማዘር፣ ለምን አትገላገይም?» አለኝ። (34 ዓመቴ ነው። ማዘር!) መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ከመሪው ጎን ዳሽቦርዱን በስቶ የቤት ደወል ማብሪያ ሊገጥምልኝ ነው። ሰው መንገድ ሲያቋርጥ እንደ እንግዳ ልደውልለት።

«መብራቷስ?» አልኩት።

«እሷን አምፖሏን አውጥቼ አጠፋልሻለሁ።»

ማርያምን፣ ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ያቺ መብራት ጌጥ አይደለችም። በርታ ከቀረች ኤርባጉ ችግር አለበት፣ በአደጋ ጊዜ ላይከፈት ይችላል ማለት ነው። ውሻው ሌባ አይቶ ሲጮህ አፉን አስሮ መተኛት ይሄ ነው። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጥቁር ፕላስተር ልለጥፍባት አለ፣ ሌላው ኮምፒውተሩን የሚያታልል ሬዚስተር ልሰካልሽ አለ። መብራቷን ለማጥፋት ያልተጨነቀ የለም። ኤርባጉን ያነሳ የለም።

በነገራችን ላይ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ቁልፉን ስታዞሩ ያቺ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ ነው መጥፋት ያለባት። ጭራሽ ካልበራች አንድ ሰው «ገላግሏታል»።

ሦስተኛው ባለ ኮምፒውተር ነው። ሰካ፣ አነበበ፣ «የሾፌሩ ኤርባግ መስመር ተቋርጧል፣ ክሎክ ስፕሪንግሽ ተበጥሷል» አለኝ። ተባረክ! ወዲያው «አሁን አጠፋሁልሽ» ብሎ የብልሽቱን ኮድ ከኮምፒውተሩ ሰረዘ። ከግቢው በር ሳልወጣ መብራቷ ተመለሰች።

ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። መሪ ይዞራል፣ ከመኪናው የሚመጣው ሽቦ ግን አብሮ መዞር አይችልም። ተራ ሽቦ ቢሆን ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ መሪው ሥር ክሎክ ስፕሪንግ የሚሉት ክብ የፕላስቲክ ቤት አለ፣ ውስጡ እንደ ካሴት ክር የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሪባን። መሪውን ስታዞሩት ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላል። ክላክሱም፣ ኤርባጉም፣ መሪው ላይ ያሉት የሬዲዮ ቁልፎችም በሱ ነው የሚሄዱት። ለካ የኔ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ከወር በፊት የሞተው፣ መሪ ሳዞር ፌስታል እንደሚጨማደድ ያለ ድምፅ የሰማሁት ለዚሁ ነው። እኔም ዝም ብዬ ነበር፣ አልዋሽም።

ቀላል ዕቃም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶዮታ በተለያየ ችግር ከ6 ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ 3.5 ሚሊዮን ያህሉ በዚሁ ሪባን የተነሳ ነበር። የኔዋ መኪና ከነሱ ውስጥ የለችም። ግን ፋብሪካ ለዚህ ብሎ ይሄን ያህል መኪና ይጠራል፣ እኛ ጋ አምፖል ይነቀላል።

ከዚያ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። «ክሎክ ስፕሪንግ አለ?» ስል የመጀመሪያው ልጅ ስፕሪንግ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ክንዴን የሚያህል የሾክ ሞላ ይዞልኝ መጣ። ሁለተኛው «የሰዓት ሞላ ከሆነ ሰዓት ሠሪ ጋ ነው» አለኝ፣ ሱቁ ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ነው እኮ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ነካው? አራተኛው ሱቅ «አሃ፣ ስፓይራል! እንደሱ አትይም?» አለኝ። የቻይናው 4,500፣ ከፈረሰ መኪና የወጣው ኦርጅናል 11,000 ብር። ስጮህ «የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እኮ ነው» አለኝ። አሁን የሁሉም መልስ እሷ ናት። የነዳጅ መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ ይዘን እዚያው ሰፈር ነው የምንጋፋው። የቻይናውን ገዛሁ።

ገጣጠሙን ስነግራችሁ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። የጋራዡ ረዳት ልጅ ቀጥታ መሪው ላይ ወጣ። «ባትሪ አትነቅልም?» አልኩት። ኤርባግ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ውስጡ ፈንጂ ነው ያለው። «ማዘር፣ እናንተን ያበላሻችሁ ዩቲዩብ ነው» አለኝ። ጮኼ አስነቀልኩት። ኤርባጉን አወጣና ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ደፋው። ፊቱ ወደ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም ተደፍቶ ከፈነዳ ራሱ ነው የሚወነጨፈው። ይሄን እየነገርኩት ሻዩን አስቀመጠበት። ሻዩን! ኤርባግ ላይ!

አዲሱ ዕቃ ሲመጣ መሃሉን እንዳይለቅ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ልጁ ቀደዳትና በጣቱ እንደ እንዝርት አሾረው። ሪባኑ እኮ መሃል ላይ ሆኖ ነው መገጠም ያለበት፤ የብዙ መኪና አሠራር ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን እስኪቆም ማዞር፣ ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ያህል መመለስና ምልክቶቹን ማገናኘት ነው። ጎማውም ቀጥ ይላል። «ይገባል ባክሽ» አለና አስገባው።

ሠራ። እስከ ቤት ድረስ ያለ ምክንያት እየነፋሁ ሄድኩ፣ ሰፈሩ ሰርግ መስሎታል። ሦስተኛው ቀን ላይ መኪና ላቆም መሪውን ወደ ቀኝ ጥግ ድረስ ጠመዘዝኩት። «ቀጭ» አለ። ክላክስ የለም። መብራቷ መጣች።

ሱቁ ጋ ስመለስ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፦ «የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አይመለስም»። ጋራዡ «ዕቃው የቻይና ስለሆነ ነው» ይላል። ሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል። መሃል ላይ የኔ 4,500 ብር ቀለጠ።

በስተመጨረሻ 11,000ውን ከፈልኩ። በዚህኛው ዙር ባትሪውን ራሴ ነቀልኩ። ሪባኑን ሲያዞር አጠገቡ ቆሜ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል። ልጁ አኩርፏል። ያኩርፍ።

ክላክሱ ይጮሃል፣ መብራቷ ጠፍታለች፣ የሬዲዮው ቁልፍም ተነስቷል። ግን ቀጥ ባለ መንገድ ስነዳ መሪው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ዳዶውን ከመፍታቱ በፊት መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት አላደረገም፣ ሲመልሰው አንድ ጥርስ ስቶ ነው የገባው። ዘጠና ሰከንዱን ስቆጥር ይቺን ዘነጋኋት።

ደወልኩለት።

«እሱ የጎማ አላይመንት ነው» አለኝ።

ጎማዬን ማን ነካው? ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጥሮኛል።