ከረጢቱ ቤት ሳይደርስ ከተቀደደ አካባቢን ምን ጠቀመው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሱፐርማርኬት ወጥቼ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። አዲሱን የወረቀት ከረጢት ይዣለሁ። ውስጡ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ስኳርና ሁለት የላስቲክ ወተት አለ። ካፊያ ነገር ነበር፣ ብዙም አይደል። ግን ወተቱ ከፍሪጅ የወጣ ስለሆነ ያልበዋል፤ ላቡ ከረጢቱን ከውስጥ ሲያረጥበው ካፊያው ደግሞ ከውጭ አገኘውና፣ ገና አስፋልቱን ተሻግሬ ሳልጨርስ መቀመጫው ተቦትርፎ ሽንኩርቱ መሀል መንገድ ላይ ተዘረገፈ። ለቅሜ እስክጨርስ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጥግ ላይ ጉልት የሚቸረችሩ እናት አዩኝ። "ነይ የኔ ልጅ፣ ተዪው እሱን" አሉና ከተቀመጡበት ማዳበሪያ ሥር ጥቁር ኩርቱ ፌስታል መዘው ሰጡኝ። "ቶሎ በይ፣ ሰው ሳያይሽ።" ሁሉንም ጨመርኩበት። ቤት እስክገባ ምንም አልሆነም።

እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ፌስታል ነው። እንዲቀር የምፈልገውን ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ያስያዘኝ ደግሞ እሱን እንዲተካ ተብሎ የተሠራው ከረጢት ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ይከለክላል። ሲጠቀም ለተገኘ ግለሰብ ቅጣቱ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። ከዚያ በፊትም ሕግ ነበር። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በየሱቁ ያለው ስስ ፌስታል ግን እንዳለ ቀጠለ። ባለሱቅ ፌስታል በሚሊ ሜትር ለክቶ አይሰጥም።

እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ፣ ከልቤ። ባለፈው ፋሲካ ሰፈራችን ቅርጫ ገብተን በሬው ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት፣ ከሣሩ ጋር ተጠቅልሎ ጭብጥ የሚያህል ፌስታል ወጣ። ተገማምዶ ገመድ ሆኗል። አንደኛው ጫፍ ላይ ሰው የቋጠረው ቋጠሮ እንዳለ ነው፣ አልተፈታም። አራጁ ቀና እንኳ አላለም፤ "ሁሌ ነው" ብሎ ወደ ጎን ጣለው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈራችን ቱቦ ሲደፈን ጎረቤቶቼ በእንጨት እየጎረጎሩ የሚያወጡትም እሱኑ ነው። ስለዚህ ፌስታል ይመለስ የሚል ሰው ይሄን ጽሑፍ ለክርክሩ እንዳይጠቀምበት።

ቅሬታዬ የሰጡን ምትክ ላይ ነው። የተሠራው ለእኛ አስቤዛ አይመስለኝም። ወረቀት ሲርስ ይላላል፤ ክሮቹን አንድ ላይ ያያዛቸው ነገር ውሃ ሲገባበት ይለቃል፣ መቀመጫው የተጣበቀበት ሙጫ ከስታርች ከሆነ እሱም ይሟሟል። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። እርጥበት የሚችል ወረቀት መሥራትም ይቻላል፣ ወጪው ግን ይጨምራል። እጄ የገቡት ከረጢቶች ሁሉ ለጫማና ለልብስ የሚሆኑ ናቸው። የእኛ ኩሽና ደግሞ እርጥብ ነው። ጎመን ውሃ ተረጭቶበት ነው የሚሸጠው። ስጋው ደም ያንጠባጥባል። ለጋ ቅቤ መንገድ ላይ ይቀልጣል።

እንጀራውንማ ተዉት። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ያልባል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በማግስቱ ሻጋታ ይጀምረዋል። ስለዚህ ፌስታልም ለእንጀራ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ወረቀቱ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ዳር ዳሩን ያደርቀዋል፣ መሀሉን ከራሱ ጋር ይለጥፈዋል። አንድ ማታ ለራት ሳወጣው ከእንጀራው ዓይን ውስጥ ቡናማ ወረቀት በጥፍሬ እየለቀምኩ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ልጄ "እማዬ፣ ይሄም ይበላል?" አለችኝ። የታችኛውን እንጀራ ጣልነው። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸመተ አንድ እንጀራ ከማሸጊያው የተነሳ ሲጣል ሆድ ይብሳል፤ የአካባቢ ጉዳይ ከሆነም ያቺን እንጀራ ለማድረስ የፈሰሰው ውሃ፣ የታረሰው መሬትና የነደደው ኃይል አብሮ ነው የተጣለው።

እናቶቻችን ይሄን ጣጣ ያውቁት ነበር። አገልግልን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ውስጡ ስፌት ነው፣ ውጩ ቆዳ፣ ማንገቻ አለው፣ ክዳኑ ገጥሞ ይታሰራል። እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። ቅቤ ገበያ የሚወጣው በኮባ ተጠቅልሎ ነበር፣ አሁንም በየገጠሩ ገበያ እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚይዝ ታውቆ ነው የተሠራው። አገልግል አንግበን ሱፐርማርኬት እንሂድ እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ የሚገባውን ነገር፣ ከዚያ መያዣውን ማሰብ እንችልበት ነበር ማለቴ ነው።

ሌላው ምትክ ጨርቅ የሚመስለው ባለማንጠልጠያ ከረጢት ነው። አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል። ካሸሯ በ30 ብር ሸጠችልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማንጠልጠያው ከስፌቱ ለቀቀ። ቤት ወስጄ ጫፉ ላይ ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር። ይሄ ግን ተጨማድዶ፣ ቀልጦ፣ ጠብ ጠብ አለና ሳህኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ፕላስቲክ። ካፌ ስንቀመጥበት ከምናውቀው የፕላስቲክ ወንበር የተለየ ዘር የለውም።

ፕላስቲክ መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ደጋግመን ከተጠቀምንበት። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ለአየር ንብረት ከሚያደርሱት ጫና አንጻር አንዴ ብቻ ከተጠቀሙበት ተራ ፌስታል ለመሻል የወረቀት ከረጢት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ይሄ ጨርቅ መሰሉ 11 ጊዜ፣ የጥጥ ከረጢት ደግሞ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። የእኔ ወረቀት አንድ መንገድ አልተሻገረም። ጨርቅ መሰሉ አራቴ አገለገለኝ። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት።

ኬንያ ይሄ ነገር ቀድሞ ደርሶባታል። ፌስታልን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ስትከለክል ቅጣቷ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገበያው በነዚሁ ጨርቅ መሰል ከረጢቶች ተጥለቀለቀ። እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው አንዴ ተይዘው የሚጣሉ ሆኑ። ዓመት ሳይሞላ የአካባቢ ባለሥልጣኗ እነሱንም ለመከልከል ተነሳ። እኛ በዚያው መንገድ እየሄድን ነው፣ የጎረቤታችን ትምህርት እጃችን ላይ እያለ።

"ይበሰብሳል" የሚል ጽሑፍ ያለባቸውንም በጥርጣሬ ነው የማያቸው። አንዳንዱ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ባለው የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የሰፈራችን ገንዳ ውስጥ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ኬሚካል ተጨምሮበት ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፣ ግን ደቅቆ አፈር ውስጥ ይቀራል። ይሄኛውን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከገበያው አስወጥቶታል። እንዲህ ባለ ከረጢት ላይ ቅጠል አትሞ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

ችግርን ሁሉ ግን አንድ ላይ አልጨፈልቅም። ጀርመን ያለችው እህቴ ስልክ በደወለች ቁጥር የውሃ ጠርሙሱ ክዳን አልነቀልም እያለ አፍንጫዋን እንደሚነካት ትነግረኛለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እስከ 3 ሊትር የሚይዙ የመጠጥ ላስቲኮች ክዳናቸው ከአንገታቸው እንዳይለይ ሕጉ ያስገድዳል። ያናድዳል፣ ግን ክዳኑ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ሥራውን እስከሠራ ድረስ እንዲህ ያለውን እችለዋለሁ። እኛም ጋ ቢሆን የታሸገ ውሃ ክዳን ላይ ይለጠፍ የነበረው ስስ ላስቲክ ሲቀር ማን ናፈቀው? በጥርስ ከመንጨት ተገላገልን። የወረቀት ስትሮውም እንደዚያው መቅረት ይችላል፤ የአቮካዶ ጁስ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይልመሰመሳል፣ እኛ ደግሞ ድሮም ጁስ የምንበላው በማንኪያ ነው።

የምጠይቀው ይሄን ነው። ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው 2,000 ብር የሚቀጣ ከሆነ፣ ሦስት መቶ ሜትር የማይሄድ ከረጢት "ለአካባቢ ተስማሚ" ብሎ የሸጠውም ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለን። አምስት ኪሎ ይጫንበት፣ ውሃ ይረጭበት፣ ተነስቶ ይውረድ፣ አሥሬም ሃያ ጊዜም። ያለፈው ላይ ቁጥሩ ይጻፍበት፤ ስንት ኪሎ ይችላል፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል፣ ከምን ተሠራ። ሙከራው ደግሞ በደረቅ ስኳር አይሁን፣ በታጠበ ጎመንና በትኩስ እንጀራ ይሁን። ጉልት የሚቸረችሩትም ይታሰቡ። እሳቸው በአሥር ብር ቃሪያ ላይ ስንት አትርፈው ነው የወረቀት ከረጢት ገዝተው የሚሰጡት?

ሱፐርማርኬቶችም አንድ ነገር ከዛሬ ጀምሮ መቀየር ይችላሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የእናቴን ዘንቢል ነው የምይዘው። ከቃጫ የተሠራ ነው፣ ከእኔ ጋር ሳይተካከል አይቀርም። በቀደም ይዤው ስሄድ ጥበቃው በር ላይ አስቆመኝ፤ ቦርሳም ዘንቢልም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ካርድ ሰጥቶኝ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ገዝቼ ካሸሯ ጋ ስደርስ "በምን ላድርግልሽ? ወረቀት 15፣ ጨርቅ 30" አለችኝ። ዘንቢል አለኝ፣ በሩ ጋ ነው አልኳት። "እሱን ለማምጣት መጀመሪያ ከፍለሽ ዕቃሽን ይዘሽ መውጣት አለብሽ" አለችኝ። በምን እንደምይዘው አልነገረችኝም። ከኋላዬ ሰልፍ ስላለ ጎመኑን ብብቴ ሥር፣ ዘይቱን በአንድ እጄ፣ ቲማቲሙን በነጠላዬ ቋጥሬ ወጣሁ። ጥበቃው ሲያየኝ ሮጦ ዘንቢሉን አመጣልኝ፣ ሁለታችንም አጎንብሰን አንድ በአንድ ጨመርነው። "እኔም አልፈልግም ነበር እህቴ" አለኝ፣ "ታዝዤ ነው።"