ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጅማ የገባሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የእህቴ ልጅ ከተማው ውስጥ ካሉት ኮሌጆች ባንዱ ትማራለች። የትኛው እንደሆነ ይቅር። «ጋሼ፣ ግቢያችንን ላሳይህ» ብላ ይዛኝ ሄደች።

በሩ ላይ ወረፋ አለ። መታወቂያዬ ታየ። ቦርሳዬ ተከፈተ። ፓወር ባንኬ ተገላበጠ። ጥበቃው የቀኝ ኪሴን ዳብሶ ቀና አለና ትኩር ብሎ አየኝ። «አንተ የሄርማታው ልብስ ሰፊ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ነኝ አልኩት። «አከም ጅርታ!» ብሎ አቀፈኝ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ፍተሻውም እዚያ ላይ አበቃ። የግራ ኪሴ እስከ ዛሬ አልተፈተሸም።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ግቢው አጥር የለውም። መጀመሪያ ሰሞን የት እንደሚጀምር የት እንደሚያበቃ ግራ ይገባኝ ነበር። እያንዳንዱ ሕንፃ ግን ያለ ካርድ አይከፈትም።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1986 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ጂን ክሌሪ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች። በሮቹ በራሳቸው የሚቆለፉ ነበሩ። ተማሪዎች ለመመላለስ እንዲመቻቸው በፒዛ ካርቶን ደግፈው ክፍት ትተዋቸው ነበር። ወላጆቿ ታገሉ፣ በ1990 ሕግ ወጣ። ዛሬ በእሷ ስም ይጠራል። ከፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጋፍ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ ግቢው ውስጥ ስንት ወንጀል እንደተፈጸመ በቁጥር ማውጣት አለበት። ገመናን ራስ ማውጣት! እኛ ጋ «ስማችን ይጠፋል» ይባል ነበር።

ወደ ጅማ ልመለስ። የልጅቷ መማሪያ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ደረጃ አየሁና በዚያ እንውረድ አልኳት። «አይሆንም፣ ዝግ ነው» አለች። እኔ ችኮ ነኝ፣ ወረድኩ። ታች ያለውን የብረት በር ብገፋው ንቅንቅ አይልም። በስንጥቁ ሳይ ከውጭ በሰንሰለት ታስሮ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ጥበቃዎቹ ጋ መሰለኝ። አምና ፕሮጀክተር ተሰርቆ ነው የዘጉት።»

ምክንያቱ ይገባኛል። ፕሮጀክተር እንደ ልብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ግን ያንን በር ሳይ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 1883 እንግሊዝ አገር፣ ሰንደርላንድ ከተማ፣ የልጆች ትርኢት ሲያበቃ መድረኩ ላይ ስጦታ መታደል ጀመረ። ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች ሳይደርሳቸው እንዳይቀር በደረጃው ወደታች ጎረፉ። ታች ያለው በር አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተቀርቅሮ ነበር። 183 ልጆች እዚያው ተደራርበው አለቁ። ከዚያ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ከውጭ ተቆልፎ፣ ከውስጥ ግን ብረቱን ገፋ ሲያደርጉት ወለል የሚል በር ሠራ። በ1892 የፈጠራ መብት አወጣበት። እኔ ማታ ማታ የምጠብቀው በር የዚያ ዘር ነው። ሌባ አያስገባም፣ ለመውጣት ደግሞ ቁልፍ አያስፈልገውም። በየሴሚስተሩ ለእሳት አደጋ ልምምድ ደወሉን ያንጫርሩታል። ልጆቹ በፒጃማ እየተነጫነጩ ይወጣሉ። እኔን ይራገሙኛል፣ እንደ ለመድኩት።

«ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን ትደውያለሽ?» አልኳት።

«ለባጃጁ ልጅ።»

ሳቅሁ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ብዬ ሌክቸር ጀመርኩ። አቋረጠችኝ። አምና አንዷ ጓደኛቸው ክፍል ውስጥ አስሟ ተነሳባት። ሦስት ሆነው ተሸክመዋት ወረዱ። ባጃጁ በር ላይ ደርሶ ነበር። ማንም ቁጥር አልፈለገም። እኔ በምሠራበት ሕንፃ አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ሲተኛ ጎረቤቱ ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሌክቸሬን ዋጥኩት። ግን ጠየቅኋት፣ በየት በኩል አወረዳችኋት? በፊት ለፊቱ ደረጃ፣ ለሚቀጥለው ክላስ የሚወጣውን ተማሪ እየገፉ። የኋላው ደረጃ ለክፍላቸው አሥር እርምጃ አይሆንም።

በነገራችን ላይ እኔም የማፍርበት አለኝ። በየዓመቱ ሥራ ቦታ ስልጠና እንወስዳለን። ሰው ጠመንጃ ይዞ ቢገባ ሩጥ፣ ካልቻልክ ተደበቅ፣ ሁለቱም ካልሆነ ታገል ይሉናል። በፈረንጆቹ 2007 እዚያው ቨርጂኒያ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ላይ አንድ ተማሪ 32 ሰው ገድሏል። ይህን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ እውነት ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው?»

ስንወጣ ያንን ጥበቃ ስለ ቁልፉ ጠየቅሁት። የያዘው ሰው ዛሬ ተራው አይደለም አለኝ። እሳት ቢነሳስ? አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አታስብ ወንድሜ፣ ለሱም ተዘጋጅተናል። ጓጉንቸሩን የምንሰብርበት ድንጋይ አለ።»

ዞሬ ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ጥሩ ድንጋይ ነው። ከበሩ ሥር ተቀምጧል፣ በውጭ በኩል።